ሃረና የተባለችው ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት፣ ጎባ በምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ አንድ ወጣት ባለሙያ መጥቶ ኮምፒውተሮቻችንን እርስ በርስ ሲያገናኝ ዋለ። ከሳነቴ ተራራ የወረደው ጉም መስኮቱ ላይ ተለጥፏል፤ መብራቱ ሄድ መጣ ይላል፤ ልጁ ግን እንደኛ አይነጫነጭም። ሥራውን ሊጨርስ ሲል ወደ እኔ ዞሮ «እትዬ፣ የእርስዎን ማሽን ማን ብለን እንሰይማት?» አለኝ። ከጎኔ የሚቀመጠው የሒሳብ ሠራተኛችን፣ ሳይጠሩት አቤት የሚለው፣ ቀበል አድርጎ «ጥሩ ስም አውጣላት፤ ከዛሬ ጀምሮ ቤታችን ሆነን በስሟ እንከፍታታለን» አለ። ልጁ በትሕትና «ጋሼ፣ የማሽን ስም ሌላ ነው፣ የድረ ገጽ አድራሻ ሌላ ነው» ብሎ ሊያስረዳው ጀመረ። እኔ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ይህን ትምህርት የተማርኩት በወጣትነቴ ነው፤ ያስተማረኝም የአንድ አባት ጭንቀት ነው።

ያኔ ሮቤ የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። የጎባ ልጅ ብሆንም ሮቤ ቤት ተከራይቼ ነበር የምኖረው። መንገዱ አጭር ነው፣ ግን በዚያ ብርድ በጠዋት ተነስቶ መኪና መጠበቅ ለጠላትም አይመኙት። ሮቤ በዚያ ጊዜ የጋሪ ከተማ ነበረች። ነፋሱ ከስንዴው ማሳ ተነስቶ ያለ ከልካይ መሐል ከተማ ይገባል፤ አቧራና የፈረስ ላብ አብሮ ይሸታል። ባለ ጋሪዎቹ የቤት ቁጥር የሚባል ነገር አያውቁም። «ወፍጮ ቤቱ ጋ» ካሏቸው ይበቃል፤ ደጃፍ ድረስ ወስደው፣ ባለቤቲቱ ጤና መሆኗንም ጠይቀው ይመለሳሉ።

የኮሌጁ የኮምፒውተር ክፍል የሚገባው ጫማ ተወልቆ ነው። ወለሉ ምንጣፍ ለብሷል፣ ማሽኖቹም የጨርቅ ልብስ ተሰፍቶላቸዋል፤ እኛ በብርድ ስንንቀጠቀጥ እነሱ ይሞቃቸዋል እያልን እንቀልድ ነበር። ካልሲው የተቀደደበት ተማሪ አውራ ጣቱን አጥፎ ነው የሚራመደው። መምህራችን ታደለ ከጎጃም የመጣ፣ ቀጭን፣ ተናግሮ የማይጠግብ ሰው ነበር። ባሌን እንደ ሙሽራ ነው የወደዳት። እረፍት ባገኘ ቁጥር አገሩን ሲዞር ይከርምና፣ ሲመለስ ለየማሽኑ ያየውን አገር ስም ይሰጠዋል። ሳነቴ፣ ሶፍ ዑመር፣ ብድሬ የሚባሉ ማሽኖች ነበሩን። ከሁሉም ጉልበተኛዋ በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ሃረና ነበረች። የምንሠራቸውን ገጾች የምናስቀምጠው እሷ ላይ ነው። ከዚያ በየትኛውም ማሽን ፊት ተቀምጠን፣ የድረ ገጽ አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ ላይ «ሃረና» ብለን በላቲን ፊደል ስንጽፍ፣ የሠራነው ገጽ ከነሥዕሉ ዱብ ይላል። ድግምት ነበር የሚመስለን።

ቤት የምጋራት ጓደኛዬ ዘይነባ የእውነተኛዋ ሃረና፣ ከሳነቴ ማዶ ያለው የጫካ አገር፣ ልጅ ናት። አባቷ ኦቦ ሁሴን ጫካ ውስጥ ቀፎ ይሰቅላሉ፣ የዱር ቡና ይለቅማሉ። ከቤት የምታመጣው ጩኮ፣ የገብስ ዱቄቱ በቅቤ ርሶ፣ መያዣው ሳይከፈት ሽታው ግቢውን ያውደዋል፤ አከራያችን እንኳ ሰበብ ፈልገው ብቅ ይላሉ። ዘይነባ ሳቂታ ነበረች። የወንድሟ የከድር ነገር ሲነሳ ብቻ ወሬ ትቀይራለች።

ከድር የአባቱን በቅሎ ሳያስፈቅድ ሸጦ ከብት ንግድ ገባ፣ ከሰረም። ይህ በየቤቱ ያለ ነው፤ ልጅ ያልበደለው አባት የት ይገኛል? የከፋው ግን ኦቦ ሁሴን በንዴት፣ የአገሩ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት፣ «ደጄን እንዳትረግጥ» ማለታቸው ነው። ከድር ተነስቶ ሄደ። ቆይቶ ሞያሌ አካባቢ መኖሩ ተሰማ። ስልክ የለውም፣ ቢኖረውም ቁጥሩን ለማንም አይሰጥም።

በአንድ የትምህርት እረፍት ዘይነባ «ነይ ማር ትበያለሽ» ብላኝ አብሬያት ሄድኩ። በጭነት መኪና ሳነቴን ስንሻገር ብርዱ ጥርሴን እያንገጫገጨኝ የምወርድበትን ቀን ስናፍቅ፣ መኪናው ቁልቁል ሲጀምር ጉሙ ተገለጠና ያ ጫካ ከሥራችን ተዘረጋ። ሙቀቱ፣ የእርጥብ ቅጠል ሽታው፣ የንብ ድምፁ ባንድ ጊዜ መጣ። ኦቦ ሁሴን ረጅም፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ፊታቸው የደከመ ሰው ነበሩ። ማሩን ከነሰፈፉ አቀረቡልኝና እኔ ስበላ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ።

«ኢንተላ ኮ፣ ብዪ» አሉኝ። ልጄ፣ ማለታቸው ነው። «ከድርም እንዲህ እጁን እስኪያጣብቀው ነበር የሚበላው።»

ዘይነባ ያን ጊዜ ነው አፏን የከፈተችው። «አባ፣ ይቅር ካልከው ለምን ሰው አትልክበትም?»

«ልኬ ነበር። አልመጣም። ልክ ነው፣ እኔም አልመጣም ነበር» አሉ። «ደጄን እንዳትረግጥ ያልኩት በሰው ፊት ነው። በሰው ፊት የወጣ ቃል በሹክሹክታ አይመለስም። ሰው ሁሉ በሚያይበት ቦታ መመለስ አለበት። እሱ ደግሞ እዚህ የለ፤ ወላሂ፣ እንዴት ላድርገው?»

ዘይነባ አየችኝ፣ አየኋት። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር። ዓለም ሁሉ የሚያየው ቦታ እንዳለ፣ እዚያ የተጻፈ ነገር ሞያሌም ጅማም እንደሚነበብ ለአባቷ በኦሮምኛ አስረዳቻቸው። ኦቦ ሁሴን ብዙ ጠየቁ። እንደ መስጊድ ጫማ ተወልቆ የሚገባበት ክፍል ውስጥ ነው ስትላቸው ግን ልባቸው ረጋ። በማግስቱ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ሰበሰቡ። ከፎቶ ቤት በተዋስነው ካሜራ፣ ቀፎ በተሰቀለበት ትልቅ ዛፍ ሥር፣ ሁሉንም አቁመን አነሳናቸው። ኦቦ ሁሴን መሐል ሆነው ሁለት እጃቸውን ዘርግተዋል። ከሥሩ የሚጻፈውን ቃል ራሳቸው ተናገሩ፣ ዘይነባ በሁለቱም ቋንቋ ጻፈችው። «እኔ ሁሴን፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት ደጄን እንዳትረግጥ ብዬሃለሁ። በእነዚሁ ሰዎች ፊት ቃሌን አንስቻለሁ። ልጄ ከድር፣ ደጁ ያንተም ነው። ኮቱ፣ ገሊ።» ናና ቤትህ ግባ፣ ነው ነገሩ።

ሮቤ ስንመለስ መምህር ታደለ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄዷል። ዘይነባ ገጹን ሠርታ ሃረና ላይ አስቀመጠችው። ሳነቴ ላይ ከፈትነው፣ ተከፈተ። ብድሬ ላይ ከፈትነው፣ ተከፈተ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ማሽን ሁሉ ሽማግሌዎቹን አሳየን። ተማሪው ተሰብስቦ አነበበ፣ አንዷ አለቀሰች። ከዚህ ወዲያ ምን ማረጋገጫ ይፈለጋል? በእኛ አገር መልእክት የሚሄደው በሾፌር አፍ ነው፤ በአፍ የሚሄድ ነገር ደግሞ አጭር ሲሆን አይበላሽም። ከብድሬ ከተማ ሞያሌ ከብት የሚጭነውን አብዲ የሚባል ሾፌር አግኝተን «ከድርን ስታገኘው ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ‹ሃረና› ብሎ ይጻፍ፤ አባትህ በሰው ሁሉ ፊት ይቅር ብሎሃል በለው» አልነው። አብዲም የሃረናን ስም ማን ይረሳል ብሎ ሄደ።

ኦቦ ሁሴን ያኔ ምን አደረጉ መሰላችሁ? የቤታቸውን አጥር አደሱ። ከድር የሚተኛበትን መደብ አስመረጉ። መኪና ሲያጓራ እጃቸው ላይ ያለውን ትተው መንገድ ዳር ይወጣሉ አለችኝ ዘይነባ። ቡናው ቀልቶ ተለቀመ፤ ከድር የለም።

አብዲ በመጨረሻ የገበያ ቀን ሮቤ ተገኘ። ጋቢውን ደርቦ ከመኪናው ሥር ሻይ ይጠጣል። ስናየው ፊቱን አዞረ፤ ያን ጊዜ ነገሩ እንዳልሆነ ገባኝ።

«አግኝቼዋለሁ» አለ። «የነገራችሁኝን ነገርኩት። ወዲያው ኢንተርኔት ቤት ገባ፣ እኔም ከኋላው ቆምኩ። ‹ሃረና› ብሎ ጻፈ። ምንም የለም። አልተገኘም ይላል። ደግሞ ጻፈ፣ ባለቤቱም ጻፈለት፣ የለም።»

«እሱስ ምን አለ?» አለች ዘይነባ።

«‹አባቴ ሐሳቡን ቀይሮ አንስቶታል፣ ወይ አንተ ዋሽተኸኛል› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳ ነሳኝ።»

ዘይነባ ገበያ መሐል ቁጭ አለች። ሮጠን ኮሌጅ ሄድን፣ ጫማችንን አውልቀን ገባን፣ ሃረናን ከፈትናት። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው፣ የኦቦ ሁሴን እጅ እንደተዘረጋ ነው። አለ! እዚህ እያለ እዚያ እንዴት ይጠፋል? ከዚያ ቀን በፊት አንድ ነገር በዓይኔ እያየሁት የለም ስባል እንዲህ ጨንቆኝ አያውቅም።

መምህር ታደለ በዚያው ሰሞን ተመለሰ። ነገሩን ነገርነው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ገጹን ለብዙ ጊዜ አየው።

«ሃረና አድራሻ አይደለችም» አለን ቀስ ብሎ። «የማሽኗ ስም ናት። እዚህ ክፍል ያሉት ማሽኖች ጎረቤቶች ስለሆኑ በስም ይጠራራሉ። ሮቤ ላይ ባለ ጋሪውን ‹ወፍጮ ቤቱ ጋ› ብትሉት ያደርሳችኋል። ሞያሌ ሄዳችሁ ‹ወፍጮ ቤቱ ጋ› ብትሉ ማን ያውቅላችኋል? የድረ ገጽ አድራሻ ከየትም ቢነሱ የሚያደርስ መሆን አለበት። መጀመሪያ ማሽኑን ዓለም ሁሉ በሚያውቀው ሙሉ ስሙ ይጠራል፤ ከዚያ ማሽኑ ውስጥ የቱ ገጽ እንደሆነ ይናገራል። ይህቺ ምስኪን ደግሞ ከዚህ ክፍል ወደ ውጭ የሚያወጣ በር እንኳ የላትም።»

«ታዲያ እስካሁን ያየው ማነው?» አለች ዘይነባ።

«ጫማውን አውልቆ እዚህ የገባ ሰው።»

ለአባቷ እሷው ናት የነገረችው። እፈራ የነበረው ቁጣቸውን ነው። ኦቦ ሁሴን ግን አልተቆጡም። «እንግዲያው ይቅርታዬን እስካሁን ለአንድ ክፍል ነበር የተናገርኩት» አሉ አሉ። ይህን ስትነግረኝ እኔም እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ያ ሰው ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ፣ ዓለም ሰማኝ ብሎ መንገድ ዳር ሲቆም ከርሟል። ልጁ ደግሞ ዳግመኛ የተባረረ መስሎት ሞያሌ ላይ አንገቱን ደፍቷል። ሁለቱም ምንም አላጠፉም።

መምህር ታደለ ገጹን በነፃ ከሚያስቀምጡ የውጭ ድረ ገጾች በአንዱ ላይ አኖረልን። አድራሻው ረጅም ነው፤ ነጥብና ጭረት የበዛበት፣ ሾፌር በአፉ ሊይዘው የማይችል። በወረቀት ጽፈን ለአብዲ ልንሰጠው ስንል ኦቦ ሁሴን «ቆዩ» ብለው ላኩብን። ከሮቤ ውጭ፣ ከዚያ ክፍል ውጭ፣ ሲከፈት በዓይናቸው ካላዩ አይላክም። አሁን ማን ይፈርድባቸዋል?

ጎባ መጡ። ጉልበታቸውን እያመማቸው፣ በጭነት መኪና፣ ያን ሁሉ ዳገት ተሻግረው። ኢንተርኔት ቤቱ ገበያው አጠገብ ነበር፤ ባለቤቱ ከስልጤ የመጣ ነጋዴ ነው፣ ፎቶ ኮፒም ያነሳል፣ ካርድም ይሸጣል። ኦቦ ሁሴን በሩ ላይ ቆም አሉና ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

«ኧረ አባባ፣ ይግቡ፣ እዚህ አይወለቅም!» አለ ባለቤቱ።

«ይወለቃል ብላኛለች» አሉ ወደ ዘይነባ እያመለከቱ፣ አወለቁም። ማንም አልሳቀባቸውም። ባለቤቱ ተነስቶ የራሱን ወንበር ሰጣቸው።

አድራሻውን ፊደል በፊደል ጻፍኩት። ያኔ ሥዕል የሚመጣው ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ ቅጠሉ መጣ። ከዚያ ቀፎው። ከዚያ ጥምጥሞቹ፣ ከዚያ ፊታቸው በየተራ። ኦቦ ሁሴን የእያንዳንዱን ሽማግሌ ስም እየጠሩ «አለ፣ አለ» ይላሉ። የራሳቸው እጅ ሲመጣ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ። ከኋላችን ተራ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ተሰብስቧል። ነጭ ገዋን የለበሰች፣ ከሰሜን የመጣች ነርስ ጽሑፉን ጮክ ብላ በአማርኛ አነበበችው፤ ባለቤቱ በኦሮምኛ ደገመው።

«አባባ፣ ልጅዎ መጣ?» አለች ነርሷ።

«ኢንሻአላህ» አሉ። «አሁን ሰው ሰምቶልኛል።»

ወረቀቱን ለአብዲ በገዛ እጃቸው ሰጡት።

ከድር መጣ። እኔ አልነበርኩም፤ ዘይነባ ናት እያለቀሰችም እየሳቀችም የነገረችኝ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ አንድ እግሩን እንኳ አላሳለፈም። ኦቦ ሁሴን ወጡ። እጁን ያዙት፣ ጎትተው አስገቡት፣ እናቱም ከውስጥ እልል አለች። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ተጠርተው ማር በሉ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ኦቦ ሁሴን አረፉ፤ ሃረና ለለቅሶ ሄድኩ። ከድር ጢሙ ሸብቷል፣ አባቱ ይሰቅሉበት በነበረው ጫካ ውስጥ ቀፎ ይሰቅላል። ከለቀስተኛው ገለል ብለን ስንቀመጥ ለዓመታት ውስጤ የኖረውን ጥያቄ ጠየቅሁት። ያን ገጽ ሞያሌ ላይ ሲከፍተው ምን ተሰማው?

«አልከፈትኩትም» አለኝ።

«እንዴት?»

«አብዲ ወረቀቱን ሰጠኝ። እኔማ አንዴ ተታልያለሁ፣ ልቀደው ነበር። ‹አባትህ ይከፈት እንደሆነ ሊያይ ጎባ ድረስ ሄዶ ነበር› አለኝ። ራሱ? አልኩት። ‹ራሱ። በዚያ ጉልበቱ። ሳነቴን ተሻግሮ› አለኝ።» «ከዚህ ወዲያ ምኑን እከፍታለሁ? እዚያው መኪናው ላይ ወጣሁ።»

እነሆ፣ ዛሬ ማንም ሕፃን የማሽን ስምና የድረ ገጽ አድራሻ እንደሚለያዩ ያውቃል፤ እኔም ለሒሳብ ሠራተኛችን ከወጣቱ ባለሙያ ይልቅ ሻል አድርጌ ያስረዳሁት ይመስለኛል። የከድርን መልስ ግን ለመሥሪያ ቤት ወሬ አልሰጠሁትም። ለራሴ ፈልጌዋለሁ። ትልቋ ልጄ ሐዋሳ ሥራ ይዛ፣ በአንድ ክፉ ንግግሬ ተቀይማ፣ ቤት ቀይራ ስልኳን ዘግታብኝ ነበር። መልእክት ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። ደግሞ ጻፍኩ። አንድ ጠዋት ተነሳሁና አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሐዋሳ ላይ የማውቀው የሰፈሯን ስም ብቻ ነው። የመጣሁት ልጄን ፍለጋ ነው እያልኩ ከሱቅ ሱቅ፣ ከባጃጅ ባጃጅ ስዞር ዋልኩ፤ ሰው ደግሞ አላሳፈረኝም።

በሩን ስትከፍት ቀሚሴ በአቧራ ነጥቷል። አፏን ይዛ ቆመች።

«እማዬ! አድራሻዬን ማን ሰጠሽ?»

«ማንም» አልኳት። «እየጠየቅሁ መጣሁ።»